ሙሉ ጭነት ያለው ተሳቢ በፒክአፕ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ኦሮራ፦ መኪናው ይችላል ወይ?

ተሻጋሪ ከቨርጂኒያ (ውይይቱን የከፈተው)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወደ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ልንዛወር ነው። ዕቃ አጓጓዦች የጠየቁን ሂሳብ ከዕቃው ዋጋ ብዙም ስለማይርቅ፣ 7 በ14 ጫማ የሆነ ባለሁለት አክስል ዝግ ተሳቢ ገዝቼ በራሴ ፒክአፕ ጎትቼ ለመሄድ ወስኛለሁ። ተሳቢው ባዶውን 2,400 ፓውንድ ያህል ይመዝናል፤ ከነጭነቱ ማለፍ የሌለበት ክብደት ደግሞ 7,000 ፓውንድ እንደሆነ ጎኑ ላይ ተጽፏል።

ፒክአፑ ሃፍ ተን የሚባለው ቀለል ያለ ዓይነት፣ ባለአራት በር ነው። ስገዛው የተሰጠኝ ብሮሹር እስከ 11,000 ፓውንድ ይጎትታል ይላል። የባለቤቴ ወንድም «አሥራ አንድ ሺሕ ለሚጎትት መኪና ሰባት ሺሕ ምኑ ነው?» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል፤ እኔ ግን ልጆች ይዤ 1,700 ማይል ገደማ ስለምነዳ የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ እመርጣለሁ። የሚጫነው የቤት ዕቃ፣ ማቀዝቀዣ፣ ብዙ መጻሕፍት፣ ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድና ሃያ ከረጢት ጤፍ ነው። ኮሎራዶ ጤፍ ጠፍቶ ነው ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ይህንኑ ባለቤቴን ጠይቄ መልስ ስላላገኘሁ እናንተም ብትተዉት ይሻላል።

መኪናው በእርግጥ ይችል እንደሆነ፣ ዕቃው እንዴት እንደሚደረደርና በየት በኩል መሄድ እንደሚሻል ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ባለ 18 ጎማ

ወንድሜ፣ ብሮሹሩን ለጊዜው ተወውና የሹፌሩን በር ክፈት። በበሩ ምሰሶ ላይ የሰዎቹና የጭነቱ ክብደት ተደምሮ ከዚህ መብለጥ የለበትም የሚል፣ ቢጫና ነጭ ቀለም ያለው ተለጣፊ ታገኛለህ። ፔይሎድ የሚሉት እሱን ነው። የብሮሹሩ ቁጥር ለዚያ ሞዴል በጠቅላላው የተነገረ ሲሆን፣ የበሩ ቁጥር ግን ከፋብሪካ ለወጣችው ለአንተ መኪና ብቻ የተጻፈ ነው። በሃፍ ተን ፒክአፕ ጭነት ስትጎትት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ይኸኛው እንጂ የመጎተት አቅሙ አይደለም።

11,000 ከየት እንደመጣ ማወቁ ይጠቅማል። አምራቾች የመጎተት አቅምን የሚለኩት ኤስኤኢ ጄ2807 በተባለ መስፈርት ነው፤ ቶዮታ በ2011 ሞዴል ቱንድራ ቀድሞ ተቀብሎት ሌሎቹ ቆየት ብለው ተከተሉት። ከፈተናዎቹ አንዱ በአሪዞና በረሃ የሚገኘውን የዴቪስ ዳምን ዳገት፣ አየር ማቀዝቀዣው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ በሰዓት ከ40 ማይል በታች ሳይወርዱ መውጣት ነው። ከባድ ፈተና መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ስሌቱ መኪናው ውስጥ አለ ብሎ የሚያስበው እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ የሚመዝኑ ሹፌርና አንድ ተሳፋሪን ብቻ ነው። ሁለቱ ልጆችህ፣ ሻንጣዎቹና ከኋላ የምትጭነው ዕቃ በዚያ ሂሳብ ውስጥ የሉም።

በኳስ ሂች (ከመኪናው ኋላ ባለ፣ ተሳቢው በሚያያዝበት ክብ ብረት) የሚጎተት ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን በኳሱ ላይ መጣል አለበት። እኛ ሹፌሮች ታንግ ዌይት የምንለው ይኼ ክብደት በሙሉ የሚቀነሰው ከመኪናው ፔይሎድ ላይ ነው። ስለዚህ 7,000 ፓውንድ የሚመዝን ተሳቢ ከ700 እስከ 1,050 ፓውንድ ጀርባህ ላይ አስቀምጦ ነው የሚከተልህ። በበሩ ላይ ያለውን ቁጥር፣ የቤተሰቡን ክብደትና ከኋላ የምትጭነውን ጻፍልኝና አብረን እንደምረው።

ከዳላስ

እነዚህን ሁሉ ቁጥሮች ካመንን ማንም ከቤቱ አይወጣም። እኔ ከዳላስ አትላንታ ድረስ ተመሳሳይ ተሳቢ በ75 ማይል እየነዳሁ፣ ክብደት የሚያከፋፍል ሂች የሚባለውን ነገር ሳልገዛ በሰላም ደርሻለሁ። ምክሬ አጭር ነው፤ ከባድ ከባዱን ዕቃ ወደ ተሳቢው ኋላ አድርገው፣ የመኪናው ጀርባ ይቀልለታል፣ የፊቱም መብራት ወደ ሰማይ አያበራም።

መካኒኩ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከዳላስ የጻፉልን ወንድም በሰላም መድረሳቸው ደስ ይላል፤ ምክራቸው ግን ተሳቢ የሚገለብጠው ዋናው ነገር ስለሆነ ሳልቃወም ማለፍ አልችልም።

ክብደቱ ከአክስሉ ኋላ ሲበዛ ኳሱ ላይ የሚያርፈው ይቀንሳል። ኳሱ ላይ በቂ ክብደት የሌለው ተሳቢ ደግሞ ነፋስ ሲገፋው ወይም ትልቅ መኪና በአጠገቡ ሲያልፍ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ውዝዋዜው በዝቅተኛ ፍጥነት በራሱ ይረግባል፤ ከአንድ ፍጥነት በላይ ግን እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው እየሰፋ ይሄድና የተሳቢው ጅራት የመኪናውን ጀርባ ይዞ ይዞራል። ያ ፍጥነት ስንት እንደሆነ እንደ አጫጫኑ ስለሚለያይ፣ ሰው በ60 ማይል ቀጥ ብሎ ሲሄድለት የነበረው ተሳቢ ቁልቁለት ላይ 70 ሲደርስ ድንገት እንደሚገለበጥበት የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ዩሆል የሚያከራያቸው ዝግ ተሳቢዎች ላይ ከጭነቱ 60 በመቶው ወደ ፊት ይሁን የሚል ምልክት የሚለጠፈውና ከ55 ማይል በላይ አትንዱ የሚባለውም ለዚሁ ነው።

አጫጫኑ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። ማቀዝቀዣው፣ መጻሕፍቱና ጤፉ ከባዶች ስለሆኑ ከአክስሎቹ ትንሽ ወደ ፊት፣ ወለሉ ላይ ይረፉ። ጤፉን በአንድ ጎን ብቻ አትከምሩት፤ ግራና ቀኙ እኩል ይከፈል። መጻሕፍቱን በትንንሽ ካርቶን አድርጓቸው፤ የሞላ ትልቅ ካርቶን መጽሐፍ የሚያነሳው ሰው ብታገኙም የሚሸከመው ካርቶን አታገኙም። ምጣዶቹ በቁማቸው፣ በመካከላቸው ብርድ ልብስ ገብቶ፣ ከግድግዳው ጋር ይታሰሩ። ፍራሽ፣ ወንበርና ልብስ ከኋላና ከላይ ይሁኑ። ሁሉም ነገር በማሰሪያ ቀበቶ ይያዝ፤ ኦሃዮ ላይ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ፍሬን ስትይዙ ያልታሰረ ዕቃ ቦታውን ይቀይርና የደከማችሁበት ሚዛን ይበላሻል።

ጎማውን በተመለከተ፣ ተሳቢው አዲስ ካልሆነ ጎማው ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ አትመኑት። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ ከሚገኙት ምልክቶች የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የተሳቢ ጎማ ብዙውን ጊዜ ሳያልቅ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለሚያረጅ፣ አምስት ስድስት ዓመት ያለፈውን ለዚህ ጉዞ አልመክርም። እንዲህ ባሉ ተሳቢዎች ላይ የተለመደው ኤስቲ 205/75አር15 የተባለው የጎማ መጠን በሎድ ሬንጅ ሲ (በመሸከም ደረጃው ሲ) ከሆነ፣ አንዱ ጎማ የሚሸከመው 1,820 ፓውንድ ነው፤ ይህም የአየር ግፊቱ 50 ፒኤስአይ እስኪሆን ሲነፋ ብቻ ነው። አራቱ ተደምረው 7,280 ስለሚሸከሙ ለ7,000 የሚተርፈው ጥቂት ነው። 40 ላይ የተነፋ ጎማ ያን አይሸከምም፤ ይግላል፣ ከዚያም ይፈነዳል። አየሩን ጠዋት ሳትንቀሳቀሱ ለኩ፤ በጉዞ መካከል ሞቆ ከፍ ብሎ ብታገኙት አታስተንፍሱት። ብዙ የተሳቢ ጎማዎች ለ65 ማይል ብቻ የተሠሩ መሆናቸውንም ከዳላስ ለጻፉልን ወንድም ማስታወስ እወዳለሁ።

ተሻጋሪ ከቨርጂኒያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ 18 ጎማ ወንድሜ ያልከውን አይቻለሁ፤ በሩ ላይ የተጻፈው 1,640 ፓውንድ ነው። የመኪናው ጠቅላላ ጣሪያ 7,050፣ የኋላ አክስሉ ደግሞ 3,800 ይላል። እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ተደምረን 465 ፓውንድ እንሆናለን። ፒክአፑ ላይ ጄኔሬተር፣ የመፍቻ ሳጥኖችና የምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥን፣ በጠቅላላው 350 ፓውንድ ያህል ልጭን አስቤያለሁ። ተሳቢው ከነዕቃው 6,200 ገደማ እንደሚሆን ገምቻለሁ።

ባለ 18 ጎማ

እንግዲህ እንደምረው። ከ6,200 ፓውንድ 13 በመቶውን ብንወስድ ኳሱ ላይ የሚያርፈው 806 ነው። ቤተሰቡ 465፣ ከኋላ የምትጭነው 350፣ ክብደት የሚያከፋፍለው ሂች ራሱ ወደ 80 ይመዝናል። ድምሩ 1,701 ይመጣል፤ የተፈቀደልህ 1,640 ነው። ለባለቤትህ ወንድም ይህንን አሳየው፤ 11,000 ይጎትታል የተባለው መኪና 6,200 ሲጎትት ፔይሎዱን አልፏል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጄኔሬተሩን፣ መፍቻውንና የምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥኑን ከፒክአፑ አውርደህ ተሳቢው ውስጥ፣ ከአክስሎቹ በላይ አስቀምጣቸው። ተሳቢው 6,550 ይሆናል፣ ኳሱ ላይ የሚያርፈው ወደ 850 ከፍ ይላል፤ ነገር ግን 350ው ከመኪናው ጀርባ ስለወረደ ድምሩ 1,395 ብቻ ነው። ቤንዚን የያዘ ጄኔሬተር ግን ዝግ ተሳቢ ውስጥ አይገባምና ታንኩን አስቀድመህ አራግፈው።

ሂቹ የግድ ያስፈልግሃል። ከመኪናው ሥር ያለውን የሂች መቀበያ ተንበርክከህ ብታየው የራሱ ተለጣፊ አለው፤ በብዙ ሃፍ ተን ፒክአፖች ላይ ክብደት የሚያከፋፍል ሂች ከሌለ ተሳቢው ከ5,000፣ ኳሱ ላይ የሚያርፈውም ከ500 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ያንተ 850 ነው። በተጨማሪም 850 ፓውንድ ከኋላ አክስሉ ጀርባ ሲንጠለጠል የፊት ጎማዎቹን ከመሬት ያቀልላቸዋል፤ መሪውንና አብዛኛውን ፍሬን የሚሠሩት ደግሞ እነሱ ናቸው። የሂቹ ዘንጎች ያንን ክብደት ከፊሉን ወደ ፊት ጎማ፣ ከፊሉን ወደ ተሳቢው አክስሎች ይመልሱታል። ፔይሎድን ግን ይጨምራሉ ብለህ እንዳታስብ።

የተሳቢው ፍሬን ኤሌክትሪክ መሆኑንና መኪናህ ባለሰባት ፒን ሶኬትና ብሬክ ኮንትሮለር (የተሳቢውን ፍሬን ከሹፌሩ ቦታ የሚቆጣጠር መሣሪያ) ያለው መሆኑን አረጋግጥ። ብዙ ግዛቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው በሕግ ያስገድዳሉ። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ በ25 ማይል እየነዳህ የኮንትሮለሩን የእጅ መያዣ ብቻ ጨምቀው፤ የተሳቢው ጎማ ሊቆልፍ ሲል ትንሽ ቀንስና እዚያው ተወው። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረም የምትጨምቀው ይህንኑ መያዣ ነው፦ ነዳጅ ትለቃለህ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ትይዛለህ፣ የመኪናውን ፍሬን ሳትረግጥ የተሳቢውን ብቻ ትይዛለህ። ማፍጠንም ሆነ መሪውን ወዲያና ወዲህ ማዞር ያባብሰዋል።

ከመነሳትህ በፊትም ካት ስኬል የተባለው የጭነት መኪና ሚዛን ያለበት ነዳጅ ማደያ ጎራ ብለህ ተመዘን። እስካሁን የተነጋገርነው ሁሉ ግምት ነው።

የኤንትሬው ሹፌር

ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ ብዙውን የነዳሁት ፊያት 682 ኤንትሬ ከነተሳቢው፣ በአሰብ መስመር ነበር። ዛሬ ሜሪላንድ ቁጭ ብዬ የልጅ ልጅ አሳድጋለሁ። ወንድሞችህ ስለ ክብደቱ የሚገባውን ነግረውሃልና እኔ ስለ ቁልቁለቱ ብቻ ልናገር፤ ሰው ዳገት ሲወጣ መኪናዬ ቻለ አልቻለ ብሎ ይጨነቃል እንጂ የሚገድለው ሲወርድ ነው።

ከታርማበር ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ሕጋችን አንድ ነበር፤ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ትወርደዋለህ። ማርሹን የምትቀንሰው አናቱ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ ተሳቢው አንዴ መግፋት ከጀመረ በኋላ ማርሽ ፍለጋ አይቻልም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር ነበር፤ ገደል ሥር ከቀሩት መኪኖች ስንቱ እንዲያ እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። የአንተ መኪና አውቶማቲክ ቢሆንም ቶው ሃውል የሚል ቁልፍ አለው። እሱን ስትጫን ማርሹ ቶሎ ወደ ላይ አይቀየርም፣ ቁልቁለት ላይም ሞተሩ መኪናውን ይይዘዋል። ካልበቃ በእጅህ አንድ ሁለት ማርሽ ቀንስ፤ ሞተሩ ቢጮህ አትደንግጥ።

ፍሬኑን እስከ ታች ድረስ ረግጠህ አትያዘው። ፍጥነቱ ካሰብከው በላይ ሲሆን ጠንከር አድርገህ ይዘህ አሥር ማይል ያህል አውርደውና ሙሉ ለሙሉ ልቀቀው፣ አየር ያግኝ። ያለማቋረጥ በስሱ የተያዘ ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ፔዳሉን ረግጠኸው እያለ አይዝልህም። የተቃጠለ ሽታ ከሸተተህ መንገድ ዳር የሚበቃ ቦታ ስታገኝ ቁምና ይቀዝቅዝ።

ሌላው የረዳት ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ረዳቱ በቆምንበት ሁሉ ወርዶ ጎማውን በብረት እየመታ ድምፁን ይሰማል፣ የእጁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ የጎማ መሐል እያስጠጋ ሙቀቱን ያያል። ሦስቱ ለብ ብለው አራተኛው እጅ የማያስጠጋ ከሆነ ወይ ኩሺኔታው እየሄደ ነው፣ ወይ ፍሬኑ ተይዞ ቀርቷል። ዛሬ ከሩቅ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ በርካሽ ይሸጣል። እሱን ግዛና ነዳጅ በቀዳህ ቁጥር አራቱንም ለክ፤ የምታየው የቁጥሩን ብዛት ሳይሆን አንዱ ከሌሎቹ መለየቱን ነው። ግራሶው መቼ እንደታደሰ የተሳቢው ሻጭ ካላወቀ፣ ኩሺኔታዎቹን ከመነሳትህ በፊት አስፈትተህ አስቀባ። ብሎኖቹንም የመጀመሪያውን 50 ማይል እንደሄድክ በመለኪያ መፍቻ መልሰህ አጥብቃቸው።

ተሻጋሪ ከቨርጂኒያ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። የረዳቱን ሥራ ለታላቁ ልጄ ሰጥቼዋለሁ፤ የሙቀት መለኪያውን ከአሁኑ ይዞ የቤቱን ሰው ሁሉ እየለካ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሃንኮክ፣ ሜሪላንድ ላይ መንገዱ ሁለት ቦታ ይከፈላል። በየትኛው ልሂድ?

የኤንትሬው ሹፌር

የአሜሪካን መንገድ በደንብ የሚያውቀው ባለ 18 ጎማ ነው፤ እሱ ይንገርህ።

ባለ 18 ጎማ

ጋሼ ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ከሃንኮክ 68 ቁጥር አውራ ጎዳናን ከያዝክ ክፍያ የለበትም፤ ነገር ግን ሳይድሊንግ ሂል የተባለውን ተራራ እንደቆረጥክ ሌላ ተራራ ይተካል፣ እንዲህ እያለ እስከ ሞርጋንታውን ድረስ መውጣትና መውረድ ነው። በ70 ቁጥር ወደ ብሪዝዉድ ብትወጣ ትንሽ ከተማ ውስጥ በትራፊክ መብራት አልፈህ የፔንስልቬኒያን የክፍያ መንገድ ትይዛለህ፤ ዳገቱ ይለዝባል፣ ክፍያው ግን ተሳቢ ስላለህ ከተራ መኪና ይበልጣል። ተሳቢ ገና ለሚለምድ ሰው የመጀመሪያው ቀን በ68 ቁልቁለት ባይጀመር እመርጣለሁ። ሁለቱም ፔንስልቬኒያ ውስጥ ዋሽንግተን የምትባለው ከተማ አጠገብ 70 ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ኮሎምበስ፣ ኢንዲያናፖሊስ፣ ሴንት ሉዊስና ካንሳስ ሲቲ በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ የከተሞቹን የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻ ሽሽ።

የኦሮራዋ

እንኳን ደኅና መጡ ለማለት ትንሽ ቢፈጥንም፣ ወንድሜ፣ ካንሳስን እንዳይንቁት ልነግርዎ ነው። ካርታ ላይ ሜዳ ስለሚመስል ሁሉም ሰው ካንሳስ ሲቲ ሲደርስ የከበደው አለፈ ይላል። በምሥራቅ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ጫማ በታች የነበረው መንገድ ኮሎራዶ ገብቶ ላይመን ሲደርስ 5,377 ጫማ ላይ ነው። ዳገት ሳያዩ ነው የሚወጡት። የመኪናዎ ሞተር ቱርቦ ከሌለው በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ኃይል ያጣልና እዚህ ሲደርሱ ቨርጂኒያ ላይ የሚያውቁት መኪና አይሆንም። ተበላሸ ብለው እንዳይደነግጡ፤ ማርሽ እየቀነሰ በትንሽ ፍጥነት ይጎትት።

ነፋሱ የባሰው ነው። ከሳላይና ወደ ምዕራብ መንገዱ ወደ ምዕራብ ሲያቀና ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከደቡብ ስለሚመጣ ጎንዎን ይመታል፤ የተሳቢዎ ግድግዳ ደግሞ 14 ጫማ ርዝመት ያለው ሸራ በሉት። ድልድይ ሥር ሲያልፉ ድንገት ይቆምና ሲወጡ እንደገና ይገፋዎታል። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ሃይስ ከተማ አድረው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢነሱ በደኅና ሰዓት ያልፉታል። ካንድራይቭ የተባለው የካንሳስ መንገዶች ድረ ገጽ ስለ መንገዱ ሁኔታ ይነግርዎታል።

ነዳጅም ቢሆን፣ ብቻውን ሃያ ማይል በጋሎን የሚሄድ መኪና ዝግ ተሳቢ ሲጎትት አሥር ቢሄድ አይገረሙ፤ አብዛኛውን የሚበላው አየሩን መግፋት ነው። በምዕራብ ካንሳስ ማደያዎቹ ስለሚራራቁ ታንኩ ግማሽ ሲሆን ይቅዱ። ኮሎራዶ ከገቡ በኋላ ደግሞ ርካሹ ቤንዚን 85 ኦክቴን መሆኑን ልብ ይበሉ፤ የአብዛኞቹ መኪኖች መመሪያ ቢያንስ 87 ስለሚል፣ ጭነት እየጎተቱ 85 አይቅዱ።

ጤፉን ግን ደግ አደረጋችሁ።

ጎረቤት ከአርሊንግተን

እንደምን ሰነበታችሁ? ወንድሜ፣ ተሳቢህ 7,000 ድረስ ከተፈቀደለትና አንተ 6,550 ከጫንክ የሚተርፍ ቦታ ያለህ ይመስለኛል። ዴንቨር ላለችው እህቴ አንድ የምግብ ጠረጴዛና ስድስት ወንበር ነበረኝ። አደራውን ብትወስድልኝ የነዳጁን ግማሽ እከፍላለሁ።

ባለ 18 ጎማ

ጎረቤት አይቀየሙኝና፣ ወንድሜ ይህን ጥያቄ በይሉኝታ እሺ እንዳይል ልግባበት። የሚተርፈው 450 ፓውንድ የግምታችን መሳሳቻ ነው እንጂ ባዶ ቦታ አይደለም።

ከክብደቱ ሌላ የሕግ ጉዳይም አለ። የፌዴራሉ የጭነት መኪናዎች ደንብ ከግዛት ግዛት ለንግድ የሚሄድ መኪናን፣ የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ 10,001 ፓውንድ ከደረሰ፣ በዶት ቁጥር (በፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መለያ ቁጥር) እንዲመዘገብ ያዛል። ያንተ 7,050 እና 7,000 ተደምሮ 14,050 ነው፤ የሚቆጠረው የተፈቀደው እንጂ የተጫነው ብቻ አይደለም። የራስህን ቤት ዕቃ ያለ ክፍያ ስታዛውር ደንቡ አይመለከትህም። የሰው ዕቃ በገንዘብ ስትጭን ግን ነገሩ ይለወጣል። ሦስቱ ምጣዶችና ጤፉም ለቤት ከሆኑ ምንም አይደለም፤ ባለቤትህ የእንጀራ ንግድ ከፍታ የድርጅቱ ንብረት ከሆኑ ግን ጉዞው የንግድ ሊባል ስለሚችል፣ ከመነሳትህ በፊት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቀህ አረጋግጥ። ለኢንሹራንስህም ደውል፤ የመኪናው ውል ተሳቢው በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ቢሸፍን እንኳ፣ ለተሳቢው ለራሱና በውስጡ ላለው ዕቃ ሌላ ውል ሊያስፈልግ ይችላል።

ተሻጋሪ ከቨርጂኒያ

ጎረቤቴ፣ ጠረጴዛው ስላልተቻለ ይቅርታ። ባለቤቴ ምጣዶቹ የቤት ናቸው ብላለች፤ ሦስት ምጣድ ለአንድ ቤት ለምን የሚለውም ከጤፉ ጥያቄ ጋር ተደምሯል።

ተጭኖ አልቋልና ዛሬ ተመዝኛለሁ። ሚዛኑ ሦስት መድረክ ስላለው የፊት አክስሉን፣ የኋላ አክስሉንና የተሳቢውን አክስሎች ለየብቻ ይመዝናል። ሁላችንም መኪናው ውስጥ ሆነን፣ መጀመሪያ የሂቹን ዘንጎች ሳላያይዝ ተመዘንኩ፤ ፊት 3,020፣ ኋላ 3,760፣ ተሳቢ 5,620 ወጣ። ዘንጎቹን አያይዤ ስመለስ ፊት 3,200፣ ኋላ 3,460፣ ተሳቢ 5,740 ሆነ። ተሳቢውን ፈትቼ መኪናውን ብቻዋን ሳስመዝን ፊት 3,280፣ ኋላ 2,660 ነው። እንዴት ይነበባል?

ባለ 18 ጎማ

ጎበዝ፤ እንዲህ በሦስት ዙር የሚመዘን ሰው ጥቂት ነው። መኪናው ብቻውን 5,940 ነው፤ ተሳቢው ሲያያዝ ያለ ዘንግ 6,780 ሆኗል። ልዩነቱ 840፣ እሱ ነው ኳሱ ላይ ያረፈው። ጠቅላላው 12,400 ስለሆነ ከዚያ 5,940 ስትቀንስ ተሳቢው 6,460 ይመዝናል፤ 840 የዚያ 13 በመቶ ነው። ከዚህ የተሻለ አጫጫን አይገኝም።

ዘንጎቹ የሠሩትን ደግሞ ተመልከት። ያለ እነሱ የኋላ አክስልህ 3,760 ነበር፤ ከጣሪያው ከ3,800 የቀረው 40 ፓውንድ፣ ከልጅህ ክብደት ያነሰ ነው። ከእነሱ ጋር 3,460 ሆኗል። የፊት ጎማዎቹ ካጡት 260 ፓውንድ ውስጥ 180 ተመልሶላቸዋል። መኪናው በጠቅላላ 6,660 ነው፤ ከ7,050 በታች ነህ።

ከዳላስ

ቁጥሮቹን ካየሁ በኋላ ስለ አጫጫኑ ያልኩትን አልደግመውም። በ75 መንዳቱን ግን ካንሳስ ላይ የሚከለክልህ ፖሊስ የለም።

መካኒኩ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ፖሊሱ ባይከለክልም ጎማው ይከለክላል፤ በ62 ወይም በ63 ይንዱ። አንድ የቀረ ነገር ቢኖር፣ የደኅንነት ሰንሰለቶቹን ከሂቹ ሥር አጣምራችሁ እንደ ኤክስ እሰሯቸው፤ ተሳቢው ከኳሱ ቢወልቅ ምላሱ አስፋልቱ ላይ ሳይሆን ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። ተሳቢው ሲወልቅ ፍሬኑን የሚያስይዘው ቀጭን ሽቦ ግን ከሰንሰለቱ ጋር ሳይሆን ለብቻው መኪናው ላይ ይታሰር፤ የተሳቢዋ ትንሽ ባትሪም መሙላቷን እዩ። ለተሳቢው የሚሆን ስኮርታ ጎማና የተሳቢውን ብሎን የሚፈታ መፍቻም ያዙ፤ የፒክአፑ መፍቻ ብዙ ጊዜ አይገጥመውም፣ ይህንንም ሰው የሚያውቀው መንገድ ዳር ቆሞ ነው።

ተሻጋሪ ከቨርጂኒያ

መፍቻው በእርግጥም አልገጠመም፤ ዛሬውኑ የሚገጥመውን ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እንነሳለን፤ በብሪዝዉድ በኩል ነው።